የተሸለመው ለቅሶ

አርብ ረፋድ ላይ የእስራኤሏ ከተማ የሐደራ ገበያ ጠጠር መጣያ የለውም። አቪቫ ግን ቲማቲም ፍለጋ አልመጣችም፤ እትዬ ኮኮቤን ፍለጋ ነው የመጣችው። እናቷ በጠዋት ደውላ፣ «ዛሬ አግኝተሽ እሺ ካላሰኘሻት ዓይንሽን እንዳላይ!» ብላታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአቪቫ እናት በስተርጅና ተዋናይ ሆናለች። ሊታል የምትባል ወጣት ዳይሬክተር እዚሁ ሐደራ ውስጥ ፊልም ስትቀርጽ፣ እህቷ ጎንደር የሞተችባትን እናት ሆና የምትሠራ ሴት ፈለገች፤ እሷን አገኘች። ፊልሙ ተሸለመ። እሷም በትወናዋ ተሸለመች፣ ዋንጫ አቅፋ በቴሌቪዥን ታየች። ነገ ሰንበት ሲወጣ ድግስ አለ፤ አዳራሹ ተይዟል፣ ምግቡ ታዟል። የቀረው የእትዬ ኮኮቤ እሺታ ብቻ ነው። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ተጋብዞ ሲያበቃ መልሱ አንድ ነው፤ «ኮኮቤ ትመጣለች?» እሳቸው ከመጡ ሁሉም ይመጣል፤ ከቀሩ ዋንጫውና ወጡ እየተያዩ ያመሻሉ።

ለምን እንዲህ እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ የሚናገረው ነው የሌለው። ባለፈው ዓመት የእትዬ ኮኮቤ እህት እንጉዳይ ጎንደር ላይ እስራኤል መግቢያዋን ስትጠብቅ አረፈች። እትዬ ኮኮቤ እዚህ ሰባቱን ቀን ሐዘን ሲቀመጡ ያልመጣ ዘመድ፣ ያልመጣ ጎረቤት አልነበረም። የአቪቫ እናት ግን፣ ከልጅነት ጀምሮ ከእሳቸው ያልተለየችው ጓደኛቸው፣ ደጃፋቸውን አልረገጠችም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሲገናኙ ሰላምታው አለ፣ ሳቁም አለ። የቀረው ሌላው ሁሉ ነው።

አቪቫ እትዬ ኮኮቤን ዱባ ሲያንኳኩ አገኘቻቸውና ዘንቢላቸውን ነጠቀቻቸው። በመኪናዬ ላድርስዎት አለች፤ በሆዷ ግን የምትለውን አዘጋጅታለች። መጀመሪያ ጤናቸውን ትጠይቃለች፣ ከዚያ «እናቴ ነች የላከችኝ» ትላለች፣ ከዚያ እንደ ሽማግሌ ትለምናለች። ምን ያደርጋል! ቀበቶዋን አስራ አፏን ስትከፍት እሳቸው ቀደሟት።

«እሰይ፣ ተባረኪ ልጄ! መዝጋኑ፣ ማቀዝቀዣው፣ እንዴት ያለ ነፋስ ይሰጣል! የልጄ የኦሸር መኪና መዝጋኑ ከሞተ ቆየ፤ ስገባ ሰው ነኝ፣ ስወርድ ወጥ ነኝ። አይ አይ፣ መስኮቱን አትክፈቺው፤ እንዲህ ይሻላል። ልጆቹ ደህና ናቸው? ትልቁ ሠራዊት ገባ አይደል? እግዜር ይጠብቀው። ዱባውን አየሽው ይሄን? ከውጭ ሲያዩት ምን የመሰለ! ሳያንኳኩ ገዝቶ ቤት የወሰደው ሰው ነው ጉዱን የሚያውቀው… እኔ ግን አሁን ማንኳኳት ተምሬያለሁ።

«ምን ልልሽ ነበር… አዎ! ያን ፊልም አየሁት። እንዴት እቀራለሁ? መቅረት አላውቅበትም። የልጅ ልጄ አጋም ናት ይዛኝ የሄደችው። እሷ ሽልማት ያገኘ ፊልም አያመልጣትም፤ ቤት ውስጥም እኔን አጠገቧ አስቀምጣ እየተረጎመች ታሳየኛለች። በዚያው ዳኛ ሆኜልሽ አረፍኩት! ‹ይቺ አበዛችው› እላለሁ፣ ‹ይሄ ገና አልገባበትም› እላለሁ። ‹ሳቭታ፣ አያቴ፣ አንቺን ነበር ዳኛ ማድረግ› ትለኛለች። እኔማ ብዳኝ ኖሮ… ተይው፣ ዳኝነት ኃጢአት አለው።

«ታሪኩን ግን ወደድኩት። ከመጨረሻው ነው የሚጀምረው፣ አይደል? ሴትዮዋ ባዶ ቤት ተቀምጣ ታያለሽ። ለምን እንደሆነ የሚነግርሽ የለም። መስኮቱን ያሳይሻል፣ በሩን ያሳይሻል፣ አሁንም በሩን… ከኋላዬ ጎረቤታችን አቶ ኃይለ ማርያም ‹ቤቱን ሊያከራዩት ነው እንዴ?› ብለው ሰው አሳቁ። እኔ ግን ገባኝ። ጥሩ ታሪክ እንደሱ ነው ልጄ፤ የቀረው ሰው ለምን እንደቀረ ቶሎ አይነግርሽም። ትጠብቂያለሽ። ዛሬ ይመጣል ትያለሽ፣ ነገ ሳይመጣ አይቀርም ትያለሽ። ሥራ ይዞት ነው ትያለሽ፣ ታሞ ነው ትያለሽ… ምክንያት የምታዋጪለት አንቺ ነሽ። እውነቱ የሚገባሽ ሁሉም ተነስቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ነው።»

አቪቫ ከገበያው ጀርባ ወጥታ ወደ ባሕሩ የሚወስደውን መንገድ ያዘች። አርብ ነው፤ መኪናው ተደራርቧል። ጊቫት ኦልጋ፣ የእትዬ ኮኮቤ ሰፈር፣ በሌላ ቀን ጥቂት ደቂቃ ነበር። ዛሬ ግን መንገዱም ከእሳቸው ጋር ያደመ መሰላት።

«ልጁን ሆኖ የሠራውን አየሽው? ቤን ይሉታል አሉ። ይሄ ነው ተዋናይ! ፊልሙ እስኪያልቅ አሥር ቃል አልተናገረም። እናቱ መርዶዋን ሰምታ ስትጮህ ምን አደረገ? ምንም። ሄዶ ሲንጠባጠብ የቆየውን ቧንቧ ዘጋ። ሐዘን ቤት የቆየ ሰው ነው ይህን የሚያውቀው። አንዱ በር ይዘጋል፣ አንዱ ወንበር ያነሳል፣ አንዱ ዝም ብሎ አጠገብሽ ይቀመጣል። የሚያለቅስማ መች ይጠፋል? ቧንቧ የሚዘጋ ነው የሚጠፋው። እሱን ግን አልሸለሙትም። ምን ይደረግ፣ ድምፅ አላሰማ!

«እናትየዋስ? እናትየዋን ሆና የሠራችው ሴትዮ… ውይ፣ ስሟ ጠፋኝ። ማን ነበረች? አታውቂያትም አይደል አንቺ?… ግድ የለም፤ ሰው ሥራው ይበቃዋል።»

እትዬ ኮኮቤ የአቪቫን እናት ስም ሊረሱ! አቪቫ ስትወለድ እናቷን ደግፈው ያዋለዱ፣ ለአቪቫም የአማርኛ ስሟን ያወጡላት እሳቸው ናቸው።

«ሴትዮዋማ ተሰጥኦ ናት። አንዳንዱ ካሜራ ሲያይ ይደነግጣል፣ ድንጋይ ይሆናል። እሷ ግን ገና ስትገባ… በቃ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሠራው የኖረች ነው የምትመስለው። ማን አስተማራት? ማንም። ከራሷ ነው።

«ነጠላዋንስ! ጥለቱ ወርቅ የመሰለ፣ ወደ ታች ወርዶ ሲያበራ! መርዶ እየሰማች እንኳ አልገለበጠችውም። ከጎኔ አንዳንድ ክፉ ሴቶች፣ ‹ሐዘንተኛ ጥለቷን ወደ ላይ አዙራ ታደገድጋለች እንጂ፣ እንደ ሙሽራ ነው እንዴ?› ሲሉ ሰማኋቸው። ተቆጣሁልሽ! ‹ለቅሶ ቤት ያልሄደ ሰው ከየት ይወቀው?› አልኳቸው… ማለቴ ዳይሬክተሯን ነው ልጄ። ሊታልን። ሕፃን ናት፣ በምን ታውቀዋለች? ሌላማ ማንን እላለሁ።

«ለቅሶዋን ግን ልንገርሽ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ አባቶች። አይ አባቶች፣ ምን ያድርጉ! ያን ሁሉ መብራትና ካሜራ ቢያዩ ኖሮ አንጀትን በከንቱ ባላስቸገሩት። ሴትዮዋ አንዴ ከፍ ስታደርገው አዳራሹ ተናወጠ። ሴቱ ሁሉ ብድግ ብሎ ደረቱን ይመታል። ወንዱ አንገቱን ደፋ። አቶ ኃይለ ማርያም ከዘራቸውን ይዘው ወደ ፊት ወጡና ስክሪኑን ‹በቃሽ ልጄ! ይበቃል፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የሞተ አይመለስም› ይሉታል። እሷ መች ትሰማለች? እንባዋን ቀጠለች። እሳቸው ተቆጡ! ‹ሽማግሌ በቃሽ ሲል የማትሰማ ምን ዓይነት ናት?› ብለው ለአዳራሹ ሰው ይከሳሉ። መብራት አበሩ፣ ፊልሙን አቆሙ፣ እንደገና ጀመሩት። በሳቅ ልሞት ደረስኩ!

«ባለቤታቸው ደግሞ እጄን ይዛ፣ ‹ኮኮቤ፣ ሐዘኑ የማን ቤት ነው? ነገ ዳቦ ጋግሬ ልድረስ› አትለኝ መሰለሽ! ‹አንቺ፣ ፊልም እኮ ነው› ብላት፣ ‹ፊልምስ ቢሆን፣ ሰው እንዲህ እያለቀሰ አይቶ ይቀራል?› አለችኝ። አየሽ የዋህነት! በፊልም ለሞተ ሰው ለቅሶ ልትደርስ። አንዳንዱ እንዲህ ነው፣ መድረስ እንጂ ሌላ አያውቅም። ያልሠለጠነ ሰው ምን ታደርጊዋለሽ።»

አቪቫ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። እሷም በዚያ አዳራሽ ነበረች፤ አቶ ኃይለ ማርያምን እጃቸውን ይዛ የመለሰቻቸው እሷ ናት። ይኸው አሁን ልናገር ብላ ትንፋሿን ስታዘጋጅ፣ ሐደራ ምዕራብ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ራምዞሩ፣ የትራፊክ መብራቱ፣ ቀይ ሆነና መኪናው ቆመ። እትዬ ኮኮቤም ወደ እሷ ዞር አሉ።

«እርስዎም አልቅሰው ነበር ወይ ልትይኝ ነው? አላለቀስኩም። አጋም ገርሟት፣ ‹ሳቭታ፣ ምነው?› አለችኝ። ሰውም ልቧ ደነደነ ሳይለኝ አልቀረም። እንዴት ብዬ ላልቅስ? እኔ ቀድሜ ሰምቼዋለሁ።

«እንጉዳይ ያረፈች ጊዜ፣ ነፍሷ በገነት ትረፍና፣ ሰው ከቤቴ አልተለየም። ከአሽቀሎን የመጣ አለ፣ ከኪርያት ጋት የመጣ አለ፤ በባቡር፣ በአውቶቡስ። ከዚህ ከጓሮዬ ግን አንዲት ወዳጅ አለችኝ… አታውቂያትም፣ ሥራ የበዛባት ሴት ናት። መሀል ላይ ስልኬ ጮኸ። ድምፅ ልካልኛለች፣ በዋትሳፕ። ከፈትኩት፤ ሐዘንተኛው ሁሉ ሰማው። አቤት ለቅሶ! ‹እንጉዳይዬ፣ በር በሩን ስታዪ፣ ሳላይሽ፣ ሳልቀብርሽ!› ትላለች። ከፍ ታደርገዋለች፣ ትሰብረዋለች፣ ትንፋሽ ታጣለች፣ እንደገና ታነሳዋለች። ቤቱ እንደ አዲስ ተላቀሰ። እኔም አለቀስኩ። እግሯ ቢታሰር ልቧን ላከችው አልኩ።

«መጨረሻው ላይ ብቻ፣ አንድ ወንድ በዕብራይስጥ ‹ሼኬት!› ብሎ ሲጮህ ይሰማል። ዝም በሉ ማለቱ ነው። እንዴት እንዳሳዘነችኝ! ምን ዓይነት ጎረቤት ነው ይሄ፣ ሰው ሞቶበት ሲያለቅስ ሼኬት የሚል? ልጆቼን ‹ሂዱና ያን ሰው ስደቡልኝ› ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

«እና ፊልሙን ሳይ… ያቺ ተዋናይት ስትጀምረው፣ ያው ከፍታ፣ ያው ስብራት፣ ያው ትንፋሽ። የተቀየረው ስሙ ብቻ ነው፤ የእኔዋ እንጉዳይ ቦታ ላይ አንዲት ብርቄ ገብታለች። ሰው ሰውን ይመስላል እንዲሉ፣ ለቅሶም ለቅሶን ይመስላል መቼም! እኔ ምን አውቃለሁ። አጋምን ግን፣ ‹ይሄን ፊልም ከዳኞቹ በፊት ያየሁት እኔ ነኝ› አልኳት። ‹አልገባኝም› አለች። ‹ደግ፣ አይግባሽ› አልኳት።»

ከኋላ መኪና ጥሩምባውን ነፋ። አቪቫ ራምዞሩ አረንጓዴ መሆኑን አላየችም። ፊቷ በሐፍረት ቀልቷል። ያቺን ቀን አቪቫም ቀረጻው ላይ ነበረች። ሊታል «የምትወጂውን ሰው አስቢ» ብላ ስትደጋግማት፣ እናቷ እንጉዳይን እያሰበች ነበር ያለቀሰችው፤ ይህን አቪቫ ትምልበታለች። ቀረጻው በሠመረ ጊዜ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ ሊታልም እናቷን አቀፈቻት። እናቷ ከእቅፉ ወጥታ መጀመሪያ ያለችው ግን ይኸው ነው፦ «አቪቫ፣ ስልኩን አምጪው! እንባዬ ሳይደርቅ ለኮኮቤም ልላክላት።» የመቅጃውን ቁልፍ የተጫነችው አቪቫ ራሷ ናት። ሰዎቹ ለሚቀጥለው ቀረጻ ጸጥታ ሲጠይቁም ሰምታለች። ያኔ ክፉ ነገር አልመሰላትም። እናቷ ሥራው ሲያልቅ ልትሄድ ነበር፤ ሲያልቅ ሰባቱ ቀን አልፎ ነበር፣ ባዶ እጇን፣ ባዶ አፏን መሄድ አፈረች፣ አፍራም ቀረች። ይህን ሁሉ አሁን መንገር ይቻላል? ከየትኛው ጫፍ ተይዞ?

«ንጂው ልጄ፣ ንጂው፤ ሰው ይሰድብሻል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ። ከሐዘንተኛ ደጃፍ ምን እንደሚቆረጥ ግን የነገረኝ የለም… ዋንጫ ሳይሆን አይቀርም። አንዳንዱ ምላሰኛ ደግሞ ‹የአዞ እንባ› ይላል። ‹ተዉ፣ አዞን አትሙት!› አልኩ። አዞ እንኳ የሚያለቅሰው በአካል ቀርቦ ነው።

«ዳኞቹንም አደንቃለሁ። አማርኛ አይሰሙ፣ ሴትዮዋን አያውቋት፤ እንዲሁ በዓይን አይተው ፈረዱላት። ንጹሕ ፍርድ ማለት ይሄ ነው። እኛ ብንሆን ኖሮ፣ ከዚህ ተነስተን ትናንትን፣ ከትናንት ተነስተን አምናን እያነሳን ፍርዱን እናበላሸው ነበር። ወዳጅ በችግር ቀን ይታወቃል ሲባል ነው ያደግነው፤ እነሱ በትኬት ገብተው አወቋት።»

ጊቫት ኦልጋ ሲገቡ የእትዬ ኮኮቤ ድምፅ ወረደ።

«እንጉዳይ ስትጠብቅ ሞተች። ከርሞ ትመጫለሽ፣ ከርሞ ትመጫለሽ እያሏት። ያን ሰባት ቀን እኔም እንደሷ በር በሩን ሳይ ነው የከረምኩት። ሰው አጥቼ አይደለም ልጄ። ቤቱ ሰው ሞልቶት፣ አንድ ሰው አጥቼ ነው። እንጉዳይን በልጅነቷ የሚያውቃት፣ አብሮኝ ‹ታስታውሺያለሽ?› የሚለኝ አንድ ሰው። ሌላው ሁሉ ለእኔ ነው ያለቀሰው፤ ለእሷ የሚያለቅስ ነበር የቸገረኝ…

«ተይ እስቲ! ምን ሆኜ ነው? በሰንበት ዋዜማ! ስለ ፊልም ነው እኮ የማወራሽ። እዚህ ጋ አቁሚልኝ፣ ከዛፏ ሥር።

«ነገ ማታ ድግስ አለ አሉ። አትንገሪኝ፣ አትንገሪኝ፤ ሰምቻለሁ፣ ለቀባሪ አረዱት ይሆንብሻል። እንዲህ ያለ ደስታ እያለ መቅረት ነውር ነው! እግሬ ከታዘዘልኝ ከች እላለሁ። ካልታዘዘልኝም ምን ቸገረኝ? ዘመኑ መልካም ነው። እልልታዬን ቀድቼ በስልክ እልክላታለሁ፣ ረዘም አድርጌ። ከማጉያው ጋር ያገናኙት፤ የመጣሁ ያህል ነው። አለመምጣትም እኮ እንዲህ ካሳመሩት ያሸልማል።»

አቪቫ ወርዳ ዘንቢሉን አወጣች፣ ዱባውንም በሁለት እጇ አቅፋ እስከ ደረጃው አደረሰችላቸው። «ይቅር በሏት» ማለት ብቻ ፈለገች፤ እትዬ ኮኮቤ ግን ፊታቸው በፈገግታ በርቶ፣ ሁለት እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ነበር። ትልቅ ሰው እጁን ራስሽ ላይ ሲጭን ምን ይባላል? አንገት ይደፋል፤ ለእያንዳንዱ ምርቃትም አሜን ይባላል። አቪቫ ይህን ከእናቷ ጡት ጋር ነው የጠባችው።

«ሰንበትሽን የሰላም ያድርግልሽ።»

«አሜን።»

«ወታደሩን ልጅሽን በደህና ገብቶ ለመዳር ያብቃሽ።»

«አሜን።»

«ለዚያች ለተዋናይትም እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣት፣ ዋንጫ በዋንጫ ላይ ይደርብላት።»

«አሜን።»

«ከረጅም፣ ከጣፋጭ ዕድሜ በኋላ ቀኗ ሲደርስ ደግሞ፣ እሷ ለእንጉዳይ እንዳለቀሰችላት፣ ልክ እንደዚያው አድርጎ የሚያለቅስላት ወዳጅ አያሳጣት።»

«አሜን» አለች አቪቫ፤ አፏ ከልቧ ቀድሞ።

እትዬ ኮኮቤ እጃቸውን አንስተው ግንባሯን ሳሟት። «እሰይ! ይሠምራል። ከልጅ አፍ የወጣ አሜን መሬት አይወድቅም» አሉና ዱባቸውን ተቀብለው ገቡ።